ጳጉሜን 3 በፊልድልፍያ

ጳጉሜን 3 ቀን ዝናብ እንዳይዘንብ ለምኜ አውቃለሁ። በሩፋኤል ዕለት።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ልመና ነውር ነው። ልጆች ሆነን ያን ቀን ሰማዩ ጠቆር ሲል ልብሳችንን አውልቀን ግቢ ውስጥ እንሮጥ ነበር፤ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን። እናቴ ሳፋና ባልዲ ደርድራ የጣሪያውን ውኃ ትቀበላለች። ጸበል ነዋ። አባቶች ዕለቱን ርኅወተ ሰማይ ይሉታል፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ጸሎት የሚያርግበት ቀን ነው።

እኔ ግን ሰማዩ እንዲያዝልኝ ለመንኩ። ቦታው ቱርክ ነው፤ አላሼሂር የምትባል ትንሽ የወይን ከተማ። ስለቴን ሳደርስ ምስክርነቴን እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አድርሻለሁ፤ እነሆ ጻፍኩት።

እዚያው ቱርክ፣ ኢዝሚር ከተማ የምግብ ምህንድስና ማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ በዘቢብ ላይ ነው። ወይን ሲደርቅ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ዘቢብ ወደ አውሮፓ ሲላክ ለዚህ መርዝ ይመረመራል፤ ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ይመለሳል። እኔ ማየት የፈለግኩት ከመጀመሪያው የማድረቂያ ቀን እስከ መጨረሻው ያለውን ለውጥ ነው። ለዚህ ናሙና ያስፈልገኛል፤ ከአንድ ማድረቂያ፣ በየቀኑ።

ናሙና ሊሰጠኝ ቃል የገባ አንድ ድርጅት ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ማድረቂያው ተጀምሮ ሳለ፣ «ሐሳባችንን ቀይረናል» የሚል አጭር መልእክት ላከልኝ። ምክንያት የለም። ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም።

ወይን የሚደርቀው በዓመት አንዴ ነው፤ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ። ይኼ ካለፈኝ አንድ ዓመት መጠበቅ አለብኝ። የትምህርት ጊዜዬ ግን አንድ ዓመት አይጠብቅም። ትምህርቱ ካለቀ ኢካመቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ አይታደስም። ስኮላርሺፑም ካለቀ ቆይቷል፤ በእንግሊዝኛ ማስጠናት ነበር የምኖረው። ለእናቴ አልነገርኳትም። «ልጄ ቱርክ ትማራለች» ስትል ድምጿ ውስጥ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ።

ጳጉሜንን ሱባኤ ያዝኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ የዮሐንስን ራእይ ሳነብ ምዕራፍ 3 ላይ ደረስኩ፤ ለፊልድልፍያ ቤተ ክርስቲያን የተላከው ቃል። «እነሆ፥ በፊትህ የተከፈተ በር ሰጥቼአለሁ፥ ማንምም ሊዘጋው አይችልም።» ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ማታ ግን ፊልድልፍያ የት እንደሆነች ትዝ አለኝ። ከኢዝሚር የሦስት ሰዓት ያህል የባቡር መንገድ ናት። የዛሬ ስሟ አላሼሂር ነው። አላሼሂር ደግሞ የዘቢብ አገር ናት! ክፍል ውስጥ ስሟን መቶ ጊዜ ሰምቼ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ከባስማኔ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ለምን እንደምሄድ ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ባቡሩ ማኒሳን ካለፈ በኋላ የገዲዝ ሜዳ ይጀምራል። በስተቀኝ የቦዝዳ ተራሮች፣ በግራም በቀኝም ወይን። ሳሊህሊ ከመድረሳችን በፊት ሰርዴስን አለፍን። ኢዝሚር ራሷ ሰምርኔስ ናት። ራእይ ላይ ስማቸውን የማውቃቸው ከተሞች በመስኮት ሲያልፉ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አላሼሂር ቱሪስት የሚርመሰመስባት ከተማ አይደለችም። ኤፌሶንን ያየ ሰው ምንም የለም ብሎ ይመለስ ይሆናል። የሥራ ከተማ ናት። ያን ሰሞን መንገዱ በሙሉ ትራክተር ነው። ሻይ ቤት የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሚያወሩት ስለ ዘቢብ ዋጋና ስለ ሰማዩ ነው። አየሩ ራሱ ይጣፍጣል፤ የወይን ጭማቂ በፀሐይ ሲበስል ያለው ሽታ።

የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ መሐል ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ነው። የቀሩት ምሰሶዎች ብቻ ናቸው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ቀይ ጡብ፤ ውፍረታቸው ትንሽ ክፍል ያክላል። ከኋላቸው የመስጊድ ሚናራ ይታያል። ይህች ከተማ መሬት ሲንቀጠቀጥባት የኖረች ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ17 ዓ.ም. ፈርሳለች፤ በ1969ም ክፉኛ ተመትታለች። የጥንት ሰዎቿ ግንቡ እንዳይጫናቸው ፈርተው ብዙዎቹ ከከተማ ወጥተው ሜዳ ላይ ይኖሩ እንደነበር ተጽፏል። ድል የነሣው በመቅደስ ውስጥ ዓምድ ይሆናል፣ ከዚያም ከቶ አይወጣም የሚለው ቃል የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። በየጊዜው ቤቱን ጥሎ ለሚሸሽ ሰው። ይኼ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

የቆምኩት ግን ውጭ ነበር። የአጥሩ በር ተቆልፏል። ጠባቂው ምሳ ሄዷል መሰለኝ።

የተከፈተ በር የተባለላት ከተማ ድረስ መጥቼ ቁልፍ ገጠመኝ። ብረቱን ይዤ አለቀስኩ። ብዙ ወር የያዝኩት ልቅሶ ነው። «ቅዱስ ዮሐንስ፣ ቃሉን የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ለምንልኝ» አልኩ። «ትንሽ ኃይል ነው ያለኝ፤ እሱም አልቋል። ይኼን ነገር ብታሳካልኝ ከዚህች ከተማ ዘቢብ ይዤ ለቤተልሔሙ አገባለሁ።»

ስለቱ ከየት አፌ ላይ እንደመጣ አላውቅም። እኛ ጋ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ መስጠት የታወቀ ነው፤ የቅዱስ ቁርባኑ ወይን ቤተልሔም በሚባለው ቤት የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ዘቢብን በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬ ምን እንደሆነ የረሳሁት ነገር ነበር።

ፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት እናት ወጡ። ነጠላ ጫማ፣ አበባ ያለበት ሻሽ። «ክዝም፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ተይዜ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እንደኛ አክስቴ እንደማለት። ሻይ ቀዱ፣ ዳቦና አይብ አቀረቡ። ጾመኛ ነኝ አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁ ምግቡን በጨርቅ ጠቅልለው «ስትፈቺ ትበያለሽ» ብለው ከቦርሳዬ ጎን አስቀመጡልኝ። ይኼን ሳስታውስ አሁንም ዓይኔ ይሞላል።

ምን እንዳጠና ልነግራቸው ስጀምር ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነው። ፊታቸው ተቀየረ። በቦዝዳ በኩል ደመና እየመጣ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልግለጸው። ወይኑ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ ፖታሳ የሚባል ኬሚካልና የወይራ ዘይት የተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ መሬት ላይ፣ ሜዳ ሙሉ ይሰጣል። ሳምንት፣ አሥር ቀን ፀሐይ ይበላል። ወደ አራት ኪሎ እሸት ወይን አንድ ኪሎ ዘቢብ ቢወጣው ነው። በዚህ መሐል አንድ ከባድ ዝናብ ከመጣ ዘቢቡ ይጠቁራል፣ ይሻግታል፣ ዋጋው ይወድቃል። ማዳበሪያው፣ መድኃኒቱ፣ የቆራጮቹ ደሞዝ፣ የባንክ ዕዳው፣ ሁሉም እዚያ መሬት ላይ ተሰጥቶ ነው ያለው።

ተይዜ ሻሻቸውን አጠበቁ። ጎረቤት በትራክተር እየሄደ ነበር፤ ተሳቢው ላይ ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ማንም ነይ አላለኝም፤ ማንም አትምጪም አላለኝም።

ማድረቂያው ጋ ስንደርስ ልጃቸው፣ ሚስቱና ሁለት ሠራተኞች ዘቢቡን በእንጨት መጥረጊያ እየሰበሰቡ ይከምራሉ። ክምሩ ላይ ላስቲክ ይጎተታል፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይጫናል። አንድ ጫፍ ተሰጠኝ። ነፋሱ ላስቲኩን እንደ ሸራ ይነፋዋል፤ ጣቶቼ ተላጡ። ያልደረቀው ዘቢብ እጅ ላይ ይጣበቃል። የሸፈንነው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ወርቅ መስሎ እንደተሰጣ ነው። ነጎድጓዱ አናታችን ላይ ነው።

ያኔ ጮክ ብዬ በአማርኛ ጸለይኩ። «ሩፋኤል ሆይ! ዛሬ ቀንህ ነው። አገሬ ላይ ዝነብ፣ ልጆቹን አሳድግ። እዚህ ግን ያዘው! የእኚህን እናት ድካም አታጥፋው!» ስለ ራሴ ጉዳይ አንድ ቃል አላነሳሁም። ጨርሶ ረስቼው ነበር። ተይዜ ከጎኔ ድንጋይ ተሸክመው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

ጠብታው ጀመረ። ትልልቅ ነው፤ ላስቲኩ ላይ ጧ፣ ጧ ይላል። አንዱ አንገቴ ላይ ወደቀ። እስትንፋሴን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። የተሰማኝ በጉንጬ ነው፤ በግራ የነበረው በቀኝ መጣ። ደመናው ተጎተተ። ከእኛ ራቅ ብሎ የዝናቡ መጋረጃ ሜዳው ላይ ሲወርድ በዓይናችን አየነው። እኛ ጋ መሬቱ እንኳ በቅጡ አልረጠበም። ተይዜ ዘቢቡ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። የልጃቸው ሚስት መጥታ አቀፈችኝ።

አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም። መጋረጃው የወረደበት ቦታም ሰው አለው። እዚያም ዘቢብ ተሰጥቶ ነበር፣ እዚያም «ያ ረቢ» ያለ ሰው ነበር። ለምን ለእኛ ሆኖ ለእሱ እንዳልሆነ አላውቅም። በዚህ ብዙ ቀን ተጨንቄያለሁ፤ ንስሐ አባቴንም በስልክ ጠይቄያቸዋለሁ። «አመስግኚ፤ ለእሱም ጸልይ» አሉኝ። እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈና እዚያው ዘቢቡ ዳር ዳቦዬን ፈታሁ። ልጅየው ያን ጊዜ ነው ወደ አላሼሂር ለምን እንደመጣሁ የጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ድርጅቱን፣ ናሙናውን፣ የቀረኝን ቀን። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከመሬት አንድ እፍኝ አነሳና መዳፌ ላይ አፈሰሰው።

«ይኼ የአራተኛ ቀን ነው። ከነገ ወዲያ አዲስ እንሰጣለን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሰጂ። የፈለግሽውን ያህል።»

ስምንት ሌሊት ተይዜ ቤት አደርኩ። አዲስ ዓመትንም እዚያው ዋልኩ። እንቁጣጣሽ መሆኑን ስነግራቸው ከግቢያቸው አበባ ቆርጠው ሰጡኝ። በየጠዋቱ ናሙናዬን በከረጢት እያደረግኩ ቀኑን እጽፋለሁ።

በአምስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው መጣ። ዝናቡ የወረደበት ሰው ነው። ጆንያ ይዟል፤ ውስጡ የጠቆረ፣ የሻገተ ዘቢብ። «ተማሪዋ አንቺ ነሽ? ለኔ አልሆነም፤ ላንቺ ይሁን» አለኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ጌችሚሽ ኦልሱን» አልኩት፤ ክፉው አልፎ ይቅር እንደማለት ነው። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ዝናብ የነካውና ያልነካው፣ ከአንድ አገር፣ ከአንድ ሳምንት። ድርጅቱ ቢፈቅድልኝ ኖሮ እንዲህ ያለ ናሙና አላገኝም ነበር። መምህሬ ውጤቱን ሲያዩ ለትምህርቴ ተጨማሪ ጊዜ ራሳቸው ጠየቁልኝ፤ ተፈቀደ። ኢካመቴም ታደሰ። ሰኔ ላይ ጽሑፌን አቀረብኩ፣ አለፍኩ። ምስጋናው ገጽ ላይ ከተይዜ ቀጥሎ ያን ሰው አስቀምጫለሁ።

አገር ቤት ልገባ ስል ተይዜን ልሰናበት ሄድኩ። ስለቴን ነገርኳቸው። ጓዳ ገብተው ጠቆር ያለ ዘቢብ አመጡ። «ይኼ ፖታሳ አልነካውም። ለቤታችን ብለን በፀሐይ ብቻ ያደረቅነው ነው። ለእግዚአብሔር ቤት የሚሆነው ይኼ ነው።» አምስት ኪሎ መዝነው ሰጡኝ። ገንዘብ እንቢ አሉ።

ጥር 4፣ የወንጌላዊው ዮሐንስ ዕለት፣ ከእናቴ ጋር በሌሊት ተነስተን የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ዲያቆኑ ከረጢቱን ፈቶ አሸተተና ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ከፊልድልፍያ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ቤተልሔሙ ገባ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ለተይዜ ደወልኩ። «ተይዜ፣ ዘቢብዎ ገባ» አልኳቸው።

«አላህ ካቡል ኤትሲን፣ ክዝም» አሉ።

እናቴ ምን አሉሽ አለችኝ። «እግዚአብሔር ይቀበለው እያሉ ነው» አልኳት። ስልኩን ከእጄ ወሰደች፤ ወደ አፏ አስጠግታ፣ ጮክ ብላ፣ «አሜን!» አለች።