የሚያነክሰው ፈረስ አያስፈራኝም

ሰው ሥራህ ምንድነው ሲለኝ «ግሩም ነኝ» እላለሁ። ሐበሻ ከሆነ ይስቃል፣ ግሩም መሆንህንማ አየን ሥራህን ንገረን እንጂ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ እዚህ ሜሪላንድ የውድድር ፈረስ የሚያበላ፣ የሚያጥብ፣ ጋጣ የሚጠርግ ሰው በእንግሊዝኛ ግሩም ነው የሚባለው። ባልደራስ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር ግን ባልደራስ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነው፣ እኔ ደሞ አራት ፈረስ ተረክቤ ፋንድያ ስዝቅ የምውል ሰው ነኝ።

ባለፈው አንድ ዘመዴ እሽቅድምድም ልይ ብሎ መጣና «ፈረስ እግሩ ሲሰበር ለምንድነው የሚገድሉት፣ አያክሙትም እንዴ?» አለኝ። አጭር መልስ ልሰጠው ሞክሬ አቃተኝ፣ ስለዚህ እዚህ ልዘርግፈው።

ከጠዋቱ ልጀምር። ከሌሊቱ አስር ተኩል ላይ ጋጣ እገባለሁ፣ ማታ የታሰረውን ፋሻ እፈታለሁ፣ ከዛ ወዲያው አልነካም፣ ፋሻ ራሱ እግር ስለሚያሞቅ አስር ደቂቃ ምናምን ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ከዛ በርከክ ብዬ እጄን ከጉልበቱ በታች አድርጌ ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ፣ ቅልጥሙን፣ ከኋላ ያሉትን ጅማቶች፣ ከዛ በታች እኛ ቁርጭምጭሚት የምንለውን መታጠፊያ፣ ከዛ ኮቴውን። ግራውን ከቀኙ ጋር ነው የማነጻጽረው እንጂ ሙቀት ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ሁለቱም እኩል ከሞቁ ቀኑ ሞቆ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ብቻ ሞቆ ካደረ ግን ነገር አለ። ከኮቴው ከፍ ብሎ ያለውን የደም ስር ምትም በጣቴ እፈልጋለሁ፣ ደህና ፈረስ ላይ ለማግኘት ራሱ ያስቸግራል፣ ኮቴው ውስጥ ችግር ካለ ግን እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። አንዳንድ ልጆች ገና ሲገቡ በረዶ ያስራሉ፣ ይሄ ያናድደኛል፣ በረዶ ጥሩ ነው ግን መጀመሪያ ዳስስ እንጂ፣ ሙቀቱን አጥፍተህ ምኑን ልታገኝ ነው?

ከዛ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ እናስኬደዋለን። የሚታየው ጭንቅላቱ ነው። የፊት እግሩን ካመመው፣ የታመመው መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ደህነኛው ሲያርፍ ወደ ታች ይጥላል። አዲስ ሰው ሁሌ ይገለብጠዋል፣ ጭንቅላቱን በጣለበት በኩል ነው ያመመው ብሎ ደህነኛውን እግር ሲያሽ ይውላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አሽቻለሁ አልደብቅም።

አምና ክረምት አንዱ ጉራች፣ ማታ ደህና ያደረ፣ ጠዋት ስገባ በሦስት እግሩ ቆሟል። የፊት ቀኙን ጭራሽ መሬት አላስነካም አለ። በቃ ተሰበረ ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስልክ ደወልኩ። ሐኪሟ መጣች፣ ኮቴውን በትልቅ ጉጠት ጫን ጫን አደረገችው፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እግሩን መነጨቃት፣ እዛችው ጋ በቢላ ትንሽ ቀዳዳ ስትከፍት ጥቁር መግል ፊጭ አለ፣ ሽታው አይነሳ። በቃ ይሄው ነው፣ ኮቴ ውስጥ የታመቀ መግል። ሙቅ ውሃ በኤፕሰም ጨው ነከርንለት፣ በፋሻ አሰርነው፣ በማግስቱ ሊነክሰኝ እያባረረኝ ነበር።

እንግዲህ ዘመዴ ያልገባው ይሄ ነው፣ ብዙ ሰውም አይገባውም። እንደዛ አገር ይያዝልኝ ብሎ የሚያነክሰው ፈረስ ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ያርፋል። የሚገድለው ያ በሶምሶማ ላይ ትንሽ ቅር የሚለው፣ አይተህ «አነከሰ እንዴ? አይ አላነከሰም» የምትለው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውድድርና ልምምድ ላይ የሞቱ ፈረሶች ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬሳቸው ይመረመራል፣ ምርመራው ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር፣ በእግር ስብራት ከሞቱት አብዛኞቹ አጥንታቸው ላይ ከዛ ቀን በፊት የነበረ ጉዳት መኖሩን ነው። ማለትም ጉድጓድ ረግጦ፣ እድል ጥሎት ምናምን አይደለም፣ አጥንቱ ለሳምንታት ሲሰነጠቅ ነበር፣ ያ ቀን የመጨረሻው ቀን ሆነ እንጂ።

ለምን እንደሚሰነጠቅ አስቡት። ይሄ ቶሮብሬድ የሚሉት ዝርያ ግማሽ ቶን አካባቢ ነው፣ በሽምጥ ሲወጣ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ይደርሳል፣ ከጉልበቱ በታች ደግሞ ሥጋ የሚባል ነገር የለም፣ አጥንት፣ ጅማት፣ ቆዳ፣ በቃ። ክብደቱ 60 ከመቶው የፊት እግሮቹ ላይ ነው፣ ሲጋልብ ደሞ አንድ የፊት እግር ብቻውን መሬት ላይ የሚቀርበት ቅጽበት አለ፣ ያኔ ያ ቀጭን እግር ከሙሉ ክብደቱ እጥፍ በላይ ይሸከማል። አባቶቻችን በፈረስ ሲዘምቱ እንኳን እንዲህ በየሳምንቱ አላስጨነቁትም።

አያክሙትም እንዴ ላለው፣ ያክማሉ። ባርባሮ የሚባል ፈረስ ነበር፣ 2006 እ.ኤ.አ. የኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ውድድር በስድስት ተኩል የፈረስ ርዝመት በልጦ ያሸነፈ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚሁ እኛ ጋ ባልቲሞር ፒምሊኮ የሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ ገና ሩጫው ሲጀመር የኋላ ቀኝ እግሩ ደቀቀ። ፔንሲልቫኒያ ኒው ቦልተን የሚባለው ሆስፒታል ወሰዱት፣ ዶክተር ዲን ሪቻርድሰን በብረትና በ27 ብሎን ገጠመው። አጥንቱ እኮ እየያዘ ነበር! የገደለው ሌላው እግር ነው። ፈረስ አልጋ ላይ ተኛ አይባልም፣ ቆሞ ነው የሚታመመው፣ የታመመውን ሲያሳርፍ ደህነኛው እግር ሌት ተቀን ይሸከማል፣ በመጨረሻ ኮቴውን ከውስጥ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ነገር ይላቀቃል፣ ላሚናይትስ ይሉታል። ስምንት ወር ታገሉለት፣ ጥር 2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በመርፌ አሳረፉት። ገንዘብ ያልጠፋበት፣ አገር የጸለየለት ፈረስ። ለዚህ ነው ሕክምናው ከስብራቱ በፊት ካልሆነ ከንቱ የምለው።

አሁን ወደኔዋ ልምጣ። አንዲት የሦስት ዓመት ዳማ አለችኝ፣ በውድድር ስሟ አልጠራትም፣ ዳሚቱ ነው የምላት። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት የግራ ፊት ቁርጭምጭሚቷ ሞቆ አገኘሁት፣ እብጠት የለ፣ ስትጫንም አይሰማትም። አስሮጥናት፣ ምንም። ለአሰልጣኙ ነገርኩት፣ እግሯን ከጋጣው ጋር አጋጭታው ይሆናል አለኝ። በማግስቱም ሞቀ። እንደገና ነገርኩት፣ አሁን ፊቱ ጠቆረ፣ ቅዳሜ ፈጣን ልምምድ ነበራት፣ ባለቤቶቹ ሊመጡ ነው፣ አንድ ጋጣ ጠራጊ ሐበሻ «ሞቋል» ስላለ ይሰረዝ? አልፈርድበትም እሱም እንጀራው ነው፣ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ያዳናት ጠዋት ጠዋት የምትጋልባት ልጅ ናት። ፈረስ ሲጋልብ የሚያስቀድመው እግር አለው፣ ኩርባ ላይ ግራውን፣ ቀጥታው ላይ ቀኙን፣ ይቀያይራል። ልጅቱ «ይቺ ፈረስ እግር መቀየር እምቢ ብላለች፣ ሳምንት ሆናት» አለች። ሁለት ሰው ሲሆን አሰልጣኙም ሐኪም ጠራ። ራጅ ተነሳች፣ ንጹህ። አሁን እንዴት እንዳፈርኩ። ሐኪሟ ግን ብልህ ናት፣ የግራውን መገጣጠሚያ በማደንዘዣ አደነዘዘችና እንደገና አስሮጧት አለች። ዳሚቱ በቀኙ ማንከስ ጀመረች! ለካ ሁለቱም እኩል ነው የሚያማት፣ ሁለቱም እኩል ስላመማት ጭንቅላቷን የምትጥልበት ደህነኛ እግር ስላጣች ነው ቀጥ ብላ የምትሄደው። አንዱን ስናደነዝዘው ሌላው ተጋለጠ። ይሄን ነገር እስካሁን ሳስበው ቆዳዬን ይቆነጥጠኛል። በኋላ አጥንት የሚያሳየውን ስካን ስትነሳ የሁለቱም እግሮች ቅልጥም ከታች ጫፉ ላይ እንደ አምፖል በርቶ ወጣ።

ድሮ ቢሆን ቀላሉ መንገድ መገጣጠሚያው ውስጥ ኮርቲዞን፣ ማለትም እብጠትና ህመም የሚያበርድ መድኃኒት፣ መውጋት ነበር፣ ትሮጥ ነበር ምናልባትም ታሸንፍ ነበር። እንደዛ ነበር የሚደረገው። አሁን አገር አቀፍ ሕግ አለ፣ ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መገጣጠሚያ የተወጋ ፈረስ 14 ቀን ሳይሞላው አይወዳደርም፣ ሕጉ እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሳንታ አኒታ የሚባል የውድድር ሜዳ ላይ ከታህሳስ 2018 እስከ ሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ወቅት 30 ፈረስ መሞቱ ነው። የፊት እግር ጫማ ጫፍ ላይ መሬት እንዲቧጥጥ ተብሎ የሚደረገውን ጥርስም ከልክለዋል፣ ጥሩ አደረጉ። መድኃኒት ጠላት ነው እያልኩ አይደለም፣ ህመም የሚነግረውን ነገር አፍነህ ማስጋለብ ነው የሚያስፈራኝ።

እረፍቱ ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰው የሚመስለው ፈረሱን ለሁለት ሦስት ወር ካሳረፉት ጠግኖ፣ ጠንክሮ ይመለሳል ነው። አጥንት ግን እንደ ቤት እድሳት ነው፣ መጀመሪያ የተበላሸውን ያፈርሳል፣ ከዛ ነው የሚገነባው፣ ማፍረሱ ፈጣን ነው መገንባቱ ቀርፋፋ። ስለዚህ አርፎ የመጣ ፈረስ በጉልበት ፈንጥዞ፣ በአጥንት ግን ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ከረጅም እረፍት መልስ ባሉት ሳምንታት የላይኛው የክንድ አጥንት የሚሰበረው በዚህ ነው። ዳሚቱን ሁለት ወር ጋጣ ውስጥ፣ በእጅ እየሳብኩ እያንሸራሸርኳት፣ ከዛ ትንሽ ሜዳ፣ ከዛ ሶምሶማ፣ ከዛ አጭር አጭር ፍጥነት። አጭር የምላችሁ፣ አጥንት የሚጠነክረው ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ በመሮጥ ሳይሆን በአጭሩ ፍጥነት ሲቀምስ ነው። የጅማት ቢሆን ኖሮ ይባስ ነበር፣ ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት፣ በየጊዜው አልትራሳውንድ እያየህ።

አባባን ደውዬ ይሄን ሁሉ አወራኋቸው። እኛ ኢንጅባራ አጠገብ ነን፣ አዊ ውስጥ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጥር 23 ደሞ ተሸልሞ ሜዳ ላይ ይጋልባል፣ ያው ፈረስ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጫማ ያደርጉለታል?» አሉ። አዎ፣ በየአራት ሳምንቱ ይቀየራል አልኳቸው። «ታዲያ ኮቴውን ማን ያየዋል?» እኔ፣ አልኩ። «ፊቱ ረዝሞ ተረከዙ እንዳይተኛ እይ፣ ጅማቱን የሚስበው እሱ ነው» አሉኝ። እዚህ ሰው ተከፍሎት የሚያስተምረውን ነገር እሳቸው ከየት አመጡት አትሉም? ከዛ ስለ ስካኑ ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ዳሚቱ እረፍት ከጀመረች በሰባተኛ ወሯ ተወዳደረች። አራተኛ ወጣች። ሰው ሁሉ ፊተኛውን ሲያይ እኔ ቀጥታው መግቢያ ላይ እግሯን እያየሁ ነበር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀየረች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ማታ አጥቤ አሰርኳት። በማግስቱ አስር ተኩል ላይ ፋሻውን ፈታሁ፣ አስር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ እጄን አወረድኩ። ግራውም ቀኙም ቀዝቃዛ ነበር።