20 ዙር በኤፍል ማማ ሥር

ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ ከፍራንክፈርት በባቡር ፓሪስ ስገባ፣ ያሳደሩኝ ዘመዶቼ ሊጠይቁኝ የፈለጉት የሩጫውን መርሐ ግብር ነበር። እኔ ግን የመጣሁት በማግስቱ ጠዋት ለሚካሄደው የወንዶች 20 ኪሎ ሜትር የእርምጃ ውድድር ነው። በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ጃን ሜዳ ዳር አንድ የእርምጃ ስፖርተኛ ብቻውን ሲለማመድ የወገቡን አጣጣል እያዩ ከሚስቁት ልጆች መካከል እኔም ነበርኩ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ምስጋና ዋቁማ የኢትዮጵያን መለያ ለብሶ በኦሎምፒክ እንደሚሰለፍ ስሰማ፣ በአጥሩ ዳር ቆሜ ላበረታታው ወሰንኩ።

ሌሊቱን ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30 ሊጀመር የነበረው ውድድርም በአየሩ ምክንያት ወደ 2 ሰዓት ተገፋ። የሴን ወንዝን ተከትዬ ወደ ትሮካዴሮ ስደርስ አስፋልቱ ገና ርጥብ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ የኤፍል ማማ ቆሟል።

መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዙር በመሆኑ ለተመልካች እጅግ ይመቻል። ማራቶን ሊያይ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚደግፈውን አትሌት ለጥቂት ሰከንድ አይቶ ይለየዋል፤ እኔ ግን ምስጋናን በየአራት ደቂቃው እያየሁ፣ ትከሻው ላልቶ እንደሆነ፣ ፊቱ ተለውጦ እንደሆነ ለመመርመር ጊዜ ነበረኝ። ከሩቅ ሲመጡ ሯጮች ይመስላሉ፤ ሲቀርቡ ግን ከወገብ በታች ያለው ሥራ ሌላ ነው። ተረከዝ መሬት ይነካል፣ ጉልበት ቀጥ ይላል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ጭንቅላት ግን ውኃ የሞላ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ከቦታው አይነቃነቅም።

ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተወዳዳሪው ከመሬት ጋር ያለው ንክኪ በዓይን በሚታይ ሁኔታ መቋረጥ የለበትም፤ ወደፊት የተዘረጋው እግርም መሬት ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ ሰውነት ቀጥ ብሎ በላዩ እስኪቆም ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ይህን የሚወስኑት በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ዳኞች ሲሆኑ፣ ያለ ካሜራ እገዛ በዓይናቸው ብቻ ይፈርዳሉ። ጥርጣሬ ሲገባቸው ቢጫ ምልክት ያሳያሉ፤ ጥፋቱን ሲያረጋግጡ ቀይ ካርድ ይመዘግባሉ። ሦስት ቀይ ካርድ ያለበት ተወዳዳሪ በቅጣት ክልል ውስጥ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ አራተኛው ከውድድር ያስወጣዋል። ስለዚህ ደክሞት፣ መሮጥ እየቻለ፣ እንዳይሮጥ ራሱን መግታት አለበት። ይህ ከሩጫ ይቀላል የሚለኝን ሰው አሁን አልሰማውም።

ብዙ ተወዳዳሪዎች ለረዥም ጊዜ አብረው ተጓዙ። ምስጋና ከፊተኞቹ ጋር በሆነ ቁጥር ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ፤ አጠገቤ ሰንደቅ ዓላማ የያዙ የኢኳዶር ቤተሰቦችም ለብራያን ዳንኤል ፒንታዶ ይጮኹ ነበር። በእነርሱ አገር እርምጃ የተናቀ ስፖርት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ወርቅ ባጠለቁበት በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ለኢኳዶር የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያስገኘው የእርምጃ ተወዳዳሪው ጄፈርሰን ፔሬዝ ነበር፤ ፒንታዶም እንደ እርሱ የኩዌንካ ከተማ ልጅ ነው።

መጨረሻው ላይ ፒንታዶ ተነጥሎ ወጣ። 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፤ ይህም እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ማለት ነው። ብራዚላዊው ካዮ ቦንፊም በ14 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ሲሆን፣ ስፔናዊው አልቫሮ ማርቲን ሦስተኛ ሆነ። ቦንፊም ከድሉ በኋላ ይህን ስፖርት ሲጀምር በመንገድ ላይ ይሰደብ እንደነበር ተናግሯል። ያን ሳነብ ጃን ሜዳ ታወሰኝ።

ምስጋና ስድስተኛ ሆኖ ገባ። በኦሎምፒክ እርምጃ ከዓለም ስድስተኛ! አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በዙሪያዬ ደስታዬን የምካፈለው አንድም የአገሬ ሰው አላገኘሁም። ወዲያው አዲስ አበባ ለሚኖሩት አጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፓሪስ ነኝ፤ ውድድሩ አሁን አለቀ» አልኳቸው።

«የምን ውድድር? የእኛ 10 ሺሕ ሜትር ነገ አይደል እንዴ?»

«የእኛ ዛሬ ጠዋት ጀምሯል፤ በእርምጃ።»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከጀርባዬ ሴቶቹ ለራሳቸው 20 ኪሎ ሜትር ሰውነታቸውን ማሟሟቅ ጀምረው ነበር።

«እና የእኛ ልጅ ስንተኛ ወጣ?» አሉኝ።