ስም በመንጃ ፍቃዱ ላይ እንዳለው

አሜሪካ ውስጥ በዕቃ ዋስትና የምታበድሩ ሰዎች እባካችሁ የተበዳሪውን ስም ደጋግማችሁ እዩት። ዩሲሲ ዋን ፎርም (አበዳሪው በዕቃው ላይ ያለውን ዋስትና ስቴት ጋ የሚያስመዘግብበት ፎርም) ላይ የተበዳሪው ስም ከተሳሳተና በትክክለኛው ስሙ ሲፈለግ ፎርሙ ካልወጣ ምዝገባው ዋጋ የለውም፣ ሰውየው ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት የኪሳራ ሂደት) ከገባ ደግሞ ዋስትናው ሊፈርስ ይችላል። በ2004 ካንሳስ ላይ ጆን ዲር የተባለው የትራክተር ኩባንያ የአንድ ተበዳሪ ገበሬን ስም "ቴራንስ" በማለት ፈንታ "ቴሪ" ብሎ አስመዝግቦ ዋስትናው ፈርሶበታል፣ አንድ የቁልምጫ ስም እኮ ነው!

ከ2013 ጀምሮ አብዛኛው ስቴት ሰውየው ያላለፈበት የስቴቱ መንጃ ፍቃድ ካለው ስሙ እዛ ላይ እንዳለው ይሁን ይላል። ለኛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ገብረመድህን አንዱ ጋ ተያይዞ አንዱ ጋ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፣ ሲከፈል "መድህን" ሚድል ኔም ሆኖ ይቀራል፣ የአባት ስም ደግሞ ላስት ኔም ይሆናል። እኔ ፎርም ስሞላ ሰው በአፉ የነገረኝን አልጽፍም፣ መንጃ ፍቃዱን አምጣ እላለሁ፣ ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ። ተበዳሪው ድርጅት ከሆነ ስቴቱ ጋ የተመዘገበበት ሰነድ ላይ ያለው ስም ነው እንጂ የሱቁ ታፔላ አይደለም። ተበዳሪው ስሙን ከቀየረና የድሮው ስም አሳሳች ከሆነ (በአዲሱ ስም ሲፈለግ ፎርሙ ካልወጣ) ደግሞ፣ ከቀየረ ከ4 ወር በኋላ ለሚገዛው ዕቃ ማስተካከያ ካልገባ ዋስትናው አይሸፍነውም።