ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ፍጥነት

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው የቤቴ ሰርቨር ነው። የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ፣ የሥራ ሰነዶች፣ የድሮ ኮምፒውተሮች ባክአፕ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ታዲያ ትልልቅ ቪዲዮዎች ኮፒ ሳደርግ ፍጥነቱ አልረጋ አለኝ። በሰከንድ 112 ሜጋባይት ብሎ ይጀምራል። ለብዙ ደቂቃ እንደዚያው ይዘልቃል። ከዚያ ድንገት 30 ይገባል፣ 5 ይደርሳል፣ አንዳንዴ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። መልሶ ይነሳል፣ መልሶ ይወድቃል።

ሁሌም ዝግ የሚል ነገር ይለመዳል። የሚዋዥቅ ግን እረፍት ይነሳል፣ በተለይ የዓመታት ፎቶ የተቀመጠበት ዕቃ ሲሆን። "ዲስኩ ሊሞት ይሆን?" የሚለው ጥያቄ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ስለዚህ ምንም ሳልነካ ሌላ ቦታ ያለው ባክአፕ መከፈቱን አረጋገጥኩ። እሱን ሳያዩ ምርመራ መጀመር አልወድም።

እንዲህ ዓይነት ችግር ላይ የምተማመንበት አንድ ዘዴ አለ፦ መንገዱን ቆራርጦ እያንዳንዱን ለብቻው መለካት። ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ዲስክ ይነሳል፣ በኬብል ማሽኖቹን የሚያገናኘው ስዊች ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ያርፋል፣ በመጨረሻ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከመንገዱ አንዱ ሲያነክስ ሁሉም ያነከሰ ይመስላል።

ከኔትወርኩ ጀመርኩ። አይፐርፍ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዲስክ ሳይነካ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ዳታ ብቻ ይልካል። ለረጅም ጊዜ አስኬድኩት። በሰከንድ 940 ሜጋቢት (ለስምንት ሲካፈል 117 ሜጋባይት ያህል) አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆየ፣ አልተነቃነቀም። የጊጋቢት መስመር በወረቀት 125 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ጥቅሎች (ፓኬቶች) ራሳቸው የሚወስዱት ሲቀነስ ከ110 እስከ 118 ያህል ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የማየው 112 መስመሩ የሚችለው ሙሉ ፍጥነት ነው። ኬብሉም ስዊቹም ነጻ ወጡ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አወራረዱም ብዙ ይናገራል። ፍጥነቱ 11 ወይም 12 ሜጋባይት ላይ ተቸንክሮ ቢቀር ኖሮ ኬብሉን ነበር የምጠረጥረው። ጊጋቢት አራቱንም የሽቦ ጥንዶች ይፈልጋል፤ አንዱ ሲበጠስ መስመሩ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። የእኔው ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም።

ቀጥሎ ራሙን አሰብኩት። ሰርቨሩን የሚያስኬደው ሊኑክስ የመጣለትን ዳታ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ ራም ላይ ያጠራቅምና ቆየት ብሎ ያወርዳል። ካልተቀየረ በስተቀር እስከ 20 ከመቶ የሚሆነውን ነጻ ራም ለዚህ ይጠቀማል። ሰርቨሬ 16 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ 20 ከመቶው 3 ጊጋባይት ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ፍጥነት ከአንድ ደቂቃ በታች ይሞላል። የእኔ ኮፒ ግን ብዙ ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ከራሙ ወዲያ ሌላ የሚሞላ ነገር አለ ማለት ነው።

ኔትወርኩን ትቼ ሰርቨሩ ራሱ ላይ ትልቅ ፋይል አጻፍኩ። ያው ማዕበል መጣ። ያን ጊዜ የእያንዳንዱን ዲስክ ሥራ የሚያሳየውን አይኦስታት የተባለ ፕሮግራም ከፍቼ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን አየኋቸው። አንደኛው ሥራ የለውም ማለት ይቻላል፤ የተሰጠውን በጥቂት ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ሁለተኛው 100 ከመቶ ተጠምዷል፤ አንዷን የመጻፍ ትእዛዝ ለመጨረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ግልባጭ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ሳይጽፉ ሥራው አያልቅም። ፈጣኑ ቁጭ ብሎ ዝግተኛውን ይጠብቃል።

ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን የስማርት ሪፖርት አወጣሁ። የተበላሸ ሴክተር የለም። የኬብል ስሕተት የሚቆጥረው መስመር ዜሮ ነው። ዲስኩ ጤነኛ ነው! ደስ አለኝ፣ ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። መልሱ የተገኘው የሞዴል ቁጥሩን ስፈልግ ነው፤ ዲስኩ ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት ነው።

በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ ትራኮቹ (ዳታው የሚጻፍባቸው መስመሮች) እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ነው የሚጻፉት። ብዙ ዳታ በጠባብ ቦታ ይይዛል። ችግሩ አንዱን ለመቀየር ሲፈለግ ነው፤ ከላዩ የተደረበውም አብሮ እንደገና መጻፍ አለበት። ለዚህ ሲባል ዲስኩ ሳይደረብ የሚጻፍበት ጊዜያዊ ቦታ ይይዛል። እሱ እስኪሞላ ፈጣን ነው። ሲሞላ ግን እየተቀበለም እያስተካከለም ይንገታገታል። ሥራ ሲፈታ ዳታውን ወደ ቦታው እየመለሰ ያንን ጊዜያዊ ስፍራ ያጸዳል። ማታ ሲያቃስት የነበረው ጠዋት ላይ ምንም እንዳልሆነ የሚፈጥነው ለዚህ ነበር።

የሚያናድደኝ ዲስኩ እንዲህ መሆኑ አይደለም። ስገዛው የምርት መግለጫው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረም። 2020 ላይ አምራቾች ይህን ሳይናገሩ ሲሸጡ እንደነበር በይፋ ከወጣ በኋላ ነው የሞዴል ዝርዝራቸውን ግልጽ ማድረግ የጀመሩት። ገንዘቡን የሚከፍል ሰው ይህን ቀድሞ የማወቅ መብት አለው። አሁን ዲስክ የሚገዛ ወዳጅ ሲጠይቀኝ ከስፋቱ በፊት ሲኤምአር፣ ማለትም ትራኮቹ የማይደራረቡበት ዓይነት መሆኑን እንዲያይ ነው የምነግረው።

በሲኤምአር ቀየርኩት። ዳታው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ በዚያ ሰዓት በሕይወት ያለው አንዱ ዲስክ ብቻ ነውና። ካለቀ በኋላ ያንኑ የቪዲዮ ፎልደር ላክሁ። 112 ብሎ ጀመረ፣ 112 ላይ ጨረሰ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የወጣው ዲስክ አልተጣለም። አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ዳታ ምንም አይለውም፤ የድሮ ቪዲዮዎችን ጭኜበት ከሰርቨሩ ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ። የቀረኝ የትንንሽ ፎቶዎቹ ጉዳይ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ሲላኩ ፍጥነቱ አሁንም ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ፋይል መከፈት፣ መመዝገብ፣ መዘጋት ስላለበት እንጂ ዲስኩ አጥፍቶ አይደለም። እነሱን በአንድ ታር ፋይል ጠቅልዬ እልካቸዋለሁ።