የጋራዥ ጣልያንኛዬ ባሪ ላይ

አክስቴ ደቡብ ጣልያን፣ ባሪ ከተማ ከገባች 26 ዓመት ሆኗታል። ሙሉውን አሮጊት ስትጦር ነው ያሳለፈችው። ባለፈው ስሄድ አሥር ቀን ቆየሁ፤ አፌን ዘግቼ፣ ከጀርባዋ ተለጥፌ። "አንቺ ልጅ፣ ቋንቋ ሳትማሪ ሁለተኛ እንዳትመጪ" ብላ ሸኘችኝ። ዘንድሮ ሳልማር መጣሁ። እዚያው እማራለሁ ብዬ።

ደግሞ ባዶ ነኝ አልልም ነበር። አባቴ ሜካኒክ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ፣ ካምቢዮ የሚሉ ከጣልያንኛ የመጡ የጋራዥ ቃላት እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ከሮም ባሪ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስቱን ተኛሁበት።

የመጀመሪያውን ጠዋት ያበላሸብኝ ማኪያቶ ነው። አዲስ አበባ በብርጭቆ፣ ወተቱ ደርበብ ብሎ ይመጣል። እዚህ ቡናው የስኒውን ታች ብቻ ይዞ፣ ከላይ ትንሽ ወተት ጠብ ብሎበት ቀረበልኝ። ቃሉ "እድፍ የነካው" እንደ ማለት ነው አለችኝ አክስቴ። እውነትም ከመንካት አላለፈም። 1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም። ሰዉ ቆሞ በሁለት ጉንጭ ይጨርሳል። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ፤ ቻው ብሎ እብስ።

ትምህርቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ በነጻ። አብረውኝ የሚማሩት በብዛት አሮጊት የሚጦሩ የጆርጂያ ሴቶችና የባንግላዴሽ ወጣቶች ናቸው። መምህሯ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ "ፋሬ ላ ስፔዛ" ብለው ጻፉ። የቤት ፍጆታ መግዛት ማለት ነው። "አስቤዛ!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ፌርማታው፣ ካልሲው፣ ባኞው፣ ጎሚስታው ተከታተለ። መምህሯ ሳምንት ሳይሞላ "ዛሬስ የቱ ነው የእናንተ?" ይሉኝ ጀመር። እኔ ግን ስለ ፍሬን ማውራት እየቻልኩ ውሃ ስጡኝ ማለት ያቅተኝ ነበር።

መምህሯ ለማታውቂው ሰው "ሌይ" በይ ይላሉ። አክስቴ የምትጦራቸውን ሴትዮ "ቮይ" ነው የምትላቸው፤ በደቡብ ትልቅ ሰው እንዲህ ይከበራል። ቃሉ "እናንተ" ማለት ነው። አንድን ሰው እንደ ብዙ ሰው መጥራት ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ይሄ ቶሎ ገባኝ። መንገድ ላይ ግን ሌላ ጉድ አለ። "አሁን" ለማለት "አዴሶ" ብዬ ሸምድጄ፣ ሰፈሩ በሙሉ "ሞ" ይላል።

አሮጌው ከተማ ውስጥ አርኮ ባሶ የሚባል ቦታ ሴቶች በራቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ኦሬኪዬቴ የሚባል ፓስታ ይሠራሉ፤ ስሙ "ትንንሽ ጆሮ" ማለት ነው። ሊጡን እንደ ገመድ ያድቦለቡላሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በቢላ ጎተት አድርገው በአውራ ጣታቸው ላይ ይገለብጡታል። ጆሮ! አንዷ ቆሜ ስቀር አይታ ቢላውን ሰጠችኝ። የእኔ የተረገጠ ማስቲካ መሰለ። እሷ እየሳቀች ከሌሎቹ ጋር ወንፊቱ ላይ እንዲደርቅ አሰጣችልኝ።

እዚያው አካባቢ ምሳ በልተን "ኮፔርቶ" ብለው ለሁለት ሰው 5 ዩሮ ጨመሩብን። ሰው ስለተቀመጠ ይከፍላል እንዴ? አክስቴ ለምዳዋለች፣ ቀና ብላም አላየች። ከዚያ የባሰው ባሪ አጠገብ ካለችው ከፖሊኛኖ ከተማ ስመለስ ነው። የወረቀት ቲኬት ባቡር ላይ ሳይወጡ ጣቢያው ውስጥ ባለች ማሽን ማስመታት አለብሽ። ቲኬት ገዝቻለሁ እኮ! ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ ቅጣቱን ጻፈ፤ 50 ዩሮ። ይኸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የመኝታ ቤቱ መስኮት መዝጊያ ግማሽ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ከላይ ያለው ጎረቤት፣ ሰማንያ የሚሆናቸው ሽማግሌ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ወረዱ። ወንበር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው "ካቻቪቴ" አሉ። አክስቴ ሣጥኑን ታተራምሳለች። እኔ አቀበልኳቸው። "ፒንሳ።" አቀበልኩ። "ቡሎኔ።" ዞር ብለው አዩኝ።

የት ተማርሽ አሉኝ። ከአባቴ፣ አዲስ አበባ አልኩ። አባትሽስ? ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 አገራችንን ይዘው ነበር፤ ሲወጡ ጥቂቶቹ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ አባቴም እንደዚያ ካለ ሰውዬ ጋ ነው የለመደው። ይሄን ሁሉ በእኔ ጣልያንኛ! "ጋራዥ፣ ጣልያኖ" አልኩና አበቃሁ። ዝም አሉ ትንሽ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ፤ በባሪኛ ወሬ ጀመሩ። አንድ ቃል አልገባኝም። "ሲ፣ ሲ" እያልኩ ቡሎኑን ያዝኩላቸው።