ቀልቤ ነግሮኝ ነበር

ላይፍ ኮቺንግ፣ ማለትም ሰው የራሱን መልስ ራሱ እንዲያገኝ በጥያቄ የማገዝ ስራ፣ ልጀምር ስል ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አንዲት ሴት ልቧን ሳትከፍት ከቢሮዬ አትወጣም ነበር። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስልጠናው አላስቸገረኝም። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ትምህርቱን በኦንላይን ጨረስኩ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ግን «ኮች ከሆንሽ ወደ ስፖርት ሂጂ» እያሉ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። በመጨረሻ «ማማከር» በሚል አወጣሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ሁለት ወንበርና ቬንትሌተር አስገባሁ።

የተበላሸው አራተኛዋ ደንበኛዬ ላይ ነው። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ፣ በእድሜ የምትበልጠኝ ሴት ናት። ድሬ ነውና አንቺ ተባባልን። «ሱቁን ላስፋፋው ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ነው የመጣችው። እኔ ቅጼን ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ፦ ግብ፣ ያለሽበት ሁኔታ፣ አማራጭ፣ ውሳኔ። «ከ1 እስከ 10 ፍላጎትሽ ስንት ነው?» አልኳት። «ሰባት» አለች። ከዛ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ጠዋት እኮ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እቀራለሁ» አለች።

ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ቀልቤ «እዚህ ጋ ቁሚ» አለኝ። እኔ ቅጹን አየሁ። «ጥሩ፣ አሁን ወደ አማራጮቹ እንሂድ» አልኳት።

ዝም አለች። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ውጭ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል። ቢበዛ አስር ሰከንድ ነው፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለ። ዝም ካልኩ ብሯን በከንቱ የበላሁ መሰለኝ። ስለዚህ ለፈለፍኩ። ብድር፣ ሸሪክ፣ ቴሌግራም ላይ መሸጥ። አምስት ነጥብ ያለው እቅድ ጽፌ ሰጠኋት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከፈለች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። ስደውል አታነሳም።

ከሁለት ወር በኋላ ከፊራ ገበያ ተገናኘን። «ቅር አሰኝቼሽ ነው?» አልኳት። «ኧረ አቦ፣ ምን ቅር ይለኛል» አለች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። «ያን ቀን ልነግርሽ ነበር። ግን ስራ ላይ ነበርሽ።»

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፌዴሬሽኑ ከዘረዘራቸው 8 ብቃቶች አምስተኛው ከሰውየው ጋር በሙሉ ቀልብ መገኘት ነው። ለዝምታ ቦታ መስጠትም እዛው ተጽፏል። ሸምድጄው ነበር። እኛ እኮ በአንድ ቃል ነው የምንለው፦ ቀልቤን ሰበሰብኩ፣ ቀልቤ ነገረኝ። የእኔ ቀልብ ቅጹ ላይ ስለነበር የነገረኝን ገፋሁት። የእሷም ቀልብ የሚያውቀውን ሊናገር ሲል አፉን ዘጋሁበት።

ስለዚህ ለጀማሪዎች የምለው ይህ ነው። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። እኔን ያሰለጠኑኝ ፊት ለፊት ተቀመጡ ይላሉ፤ አትስሟቸው፣ ጎን ለጎን ሁኑ፣ ሰው ዓይን ሳይበዛበት ይናገራል። ድሬ ከሆናችሁ ከሰዓት ቀጠሮ አትያዙ፤ ሙቀቱና የበርጫው ሰዓት ለማንም ቀልብ አይሰጡም። በሁለት ደንበኞች መሃል ግማሽ ሰዓት ተዉ። እኔ በዛች ሰዓት ስልኬን አጥፍቼ ትንፋሼን ብቻ እሰማለሁ።

ምክር አትስጡ የሚለውን የኮቺንግ ሕግ ግን እንዳለ አልቀበለውም። ሰው ደጋግሞ «አንቺ ብትሆኚስ?» ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱለትና ዝም በሉ። ቀልባችሁ የያዘውን ነገር ደግሞ እንደ ፍርድ አትናገሩት፤ ሊሳሳት ይችላል። አንዱን ወጣት «ፍርሃት አየሁብህ» አልኩት። ፆም ላይ ነበር፣ ደክሞት ነው። አሁን ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው፦ «ይህን ስትነግሪኝ ድምጽሽ ዝቅ አለ።» ከዛ እጠብቃለሁ።

ታይዋን ሳልፍ ሱቋ ክፍት መሆኑን አያለሁ። ስለ ቁልፉ ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም።