ከነጩ ቀለም ሥር

ዛሬ ከሰዓት የሾፌሩን በር በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ቆየሁና ከነጩ ቀለም ሥር ጥቁር አረንጓዴ ብቅ አለ። እንዳለ አውቅ ነበር፤ ወረቀት ላይ አንብቤዋለሁ። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ሥራዬን አቁሜ ዝም ብዬ አየሁት።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1969 ክሩ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተሠራች ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ናት። እጄ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። የገዛኋት መኪና ለሠርግ ከሚያከራይ ሰው ነው። እዚህ አገር የብዙ ሲልቨር ሻዶዎች ዕጣ ይኸው ነው። ሲያረጁ ዋጋቸው ይወርዳል። ነጭ ይቀባሉ፣ ሪባን ይታሰርላቸዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽራ ያመላልሳሉ። ለንደን ላይ የኛ ሰዎች ሲዳሩም በዚህችው ዓይነት ነጭ መኪና ሲመጡ ስንት ጊዜ አጨብጭቤያለሁ።

ከመኪናዋ ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ተረክቤያለሁ። ውስጡ የድሮው ሊብሬ አለ። የባለቤቶቹ ስም በእጅ ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል። ከ1974 ጀምሮ ምዝገባው ስዋንዚ ወዳለው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ዞረ። አሁን የያዝኩት ወረቀት የሚነግረኝ የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ብዛትና የመጨረሻውን ሰው ብቻ ነው። የድሮው ሊብሬ ባይተርፍ ኖሮ ስለ እትዬ የማውቀው ነገር አይኖርም ነበር።

እትዬ የምላቸው ሁለተኛዋን ባለቤት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ከአንድ ድርጅት ላይ በ1972 ገዝተው 19 ዓመት ነዷት። ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ትንሽ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፉ ነበር፤ ቀኑን፣ ማይሉን፣ ስንት ጋሎን እንደገባ። 6.2 ሊትር ሞተር ነዳጅ ይጠጣል። ታዲያ በ1973 መጨረሻ፣ ዓለም በነዳጅ እጥረት በተጨነቀበት ጊዜ፣ ደብተሩ ለአምስት ሳምንት ባዶ ነው። ከዚያ ግማሽ ጋኗን ብቻ ሞልተው ይጀምራሉ። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ሁሌ እቆያለሁ።

አረንጓዴውን በወረቀት ያየሁት ፖለርስፐሪ ከሚባል መንደር ነው። የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ክለብ የፋብሪካውን መዝገብ እዚያ ያስቀምጣል፤ ሲጠይቁት ቅጂ ይሰጣል። ቀለሟ፣ የወንበሯ ቆዳ፣ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ ሁሉም ተጽፏል።

በሩ ላይ ቀለሙ እንዲህ ደህና የቆየው በሩ አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። ሁለቱ ኮፈኖችም እንደዚያው ናቸው። ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሲልቨር ሻዶው በ1965 ስትወጣ ከሮልስ ሮይስ መኪኖች ለብቻው የተሠራ ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም፣ የሌላት የመጀመሪያዋ ነበረች። አካሏ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ስለዚህ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ሲዝግ መኪናዋ አጥንቷን ታጣለች። አንድ ጋራዥ ዝገቱን ሳይነካ በስቱኮ ሞልቶ ነጭ ቀብቶበት ነበር። ስፍቀው በእጄ ተፈረፈረ። ሙሽሮች በዚህ ላይ ተቀምጠው እንደሄዱ ሳስብ ተናደድኩ። ቆርጬ አወጣሁት፤ አዲስ ላሜራ አስበየድኩ። ሁለት ክረምት ፈጀ።

ፍሬኑም ቀላል አልነበረም። በፈረንሳዩ መኪና ሠሪ በሲትሮዌን ፈቃድ የተሠራ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ሥርዓት ነው። የሚታዘዝለት ዘይት አርአር 363 ይባላል። አንድ ሰው ባለማወቅ የማዕድን ዘይት ቢጨምርበት ጎሚኒዎቹ ሁሉ ይበላሻሉ። የኔዋ ከዚህ ተርፋለች፤ ጎሚኒዎቹ ግን በዕድሜ ደርቀው ነበርና ሁሉንም ቀየርኩ።

አሁን የቀረው ቀለሙ ነው። ወደ አረንጓዴዋ እመልሳታለሁ። እትዬ ያወቋት እንደዚያ ነው። ወንበሩን ግን አልነካም። ቆዳ የሚሰፋው ሰው «ይሄ ተሰነጣጥቋል፣ አዲስ ላልብስህ» ሲለኝ እምቢ አልኩ። የሾፌሩ ወንበር በቀኝ በኩል የተላጨው ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው። ከዚያ ውስጥ 19 ዓመቱ የሳቸው ነው። አዲስ ቆዳ ያምር ይሆናል፤ የማንም ግን አይደለም።

ስለ ነጩም አስቤያለሁ። የኋላው ኮፈን ማጠፊያ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ጣት የምታህል ነጭ ትቻለሁ። ቀለም ቀቢው ሲመጣ እንዳይነካት ዙሪያዋን በፕላስተር ከብቤያታለሁ። ስንት ሰው በዚያ ቀለም ተድሯል።